ባዜቃ ያልነካው ወርቅ

አሬዞ፣ ጣሊያን
ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ ለሆኑት ለአክስቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ፣ መተማ ዮሐንስ ይድረስ።

እንዴት ከረሙ? ክረምቱ በደህና ወጣ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የሚነሳብዎ ወገብዎ እንዴት ነው? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ኔት ከተዘጋ ወዲህ ድምፅዎን ከሰማሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። በተራው መስመር ስደውል የምታነሳልኝ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት፤ እሷንም ተለማመድኳት። ስለዚህ እንደ ድሮው ብዕር አነሳሁ። ደብዳቤውን ሮም ያለው ዲያቆን ሰሎሞን ለአገር ቤት መንገደኛ ይሰጥልኛል። ከጎንደር ወዲያ ግን መንገዱ እንደፈቀደ ነው።

ወርቅ ቤት ወለል ጠራጊ ሆኜ ገባሁ ብዬዎት ነበር። አሁን የራሴ የሥራ ጠረጴዛ አለኝ። አቀልጣለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ፈርጥ አስቀምጣለሁ። ባለቤቲቱ ሚሬላ ትባላለች፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ቁጡ ግን ሐቀኛ ሴት ናት። የሷ ቤት እንደሌላው ወርቅ ቤት አይደለም። ወደሷ የሚመጣ ገዢ ቀለበቱን ብቻ አይቶ አይሄድም፤ ወርቁን ማን አወጣው፣ ድንጋዩን ማን ቆፈረው፣ ሲቆፈር ማን ተጎዳ ብሎ ይጠይቃል። እሷም መልሱን በወረቀት ጽፋ ከጌጡ ጋር ትሰጣለች። ኦፓሉን ከወሎ፣ ከደላንታ ቆፋሪዎች ማኅበር እናስመጣለን። ብሩ ከአሮጌ ዕቃ ቀልጦ የተጣራ ነው። የኢትዮጵያ ወርቅ ግን የለንም።

ባለፈው ሳምንት ጠርታኝ «ያገርሽን ወርቅ ከነታሪኩ ብታመጪልኝ አንድ ጥንድ የጋብቻ ቀለበት እንሠራበታለን፤ ከተሳካልሽ ቋሚ ቅጥር እፈርምልሻለሁ» አለችኝ። አክስቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በሚመጣው ሰኔ ያልቃል። ቋሚ ቅጥር ካለኝ ይታደስልኛል። ፈቃድ ካለኝ ደግሞ ወጥቼ መግባት እችላለሁ፤ መጥቼ የእናቴን መቃብር አይቼ መመለስ እችላለሁ። ስትቀበር እንኳ ያልደረስኩ ልጅ ነኝና ይህ ነገር ሌት ተቀን ያብሰለስለኛል።

ልጅዎ ደረበ ወርቅ ቁፋሮ እንደገባ ነግረውኝ ነበር። ከሱ አሥር ግራም ያህል ቢገኝልኝ ሰሎሞን ለፋሲካ አገር ቤት ስለሚገባ በደንቡ አስመዝግቦ ያመጣልኛል። ከወርቁ ጋር በእጅ የተጻፈ ምስክርነት ያስፈልጋል። ሦስት ነገር ማለት አለበት፦ ባዜቃ አልነካውም፣ ልጅ አልቆፈረውም፣ ማንም ከማንም አልቀማውም። ይኸው ነው።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ማርያማዊት


መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት።

የቆምሽበት መሬት ይርጋልሽ። የሰው አገር ሰው ይውደድሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤም እንደ ልማዱ ነው፤ ዘንድሮ ግን የሚታጨድ ስለሌለ አርፏል።

ደብዳቤሽ አርባ ቀን አልፎት ደረሰኝ። ሳነበው ጎረቤቴ ዘምዘም አጠገቤ ነበረች። «ምን አለች ልጅሽ?» ብትለኝ «ወርቅ ላኩልኝ አለች» አልኳት። እስክታለቅስ ሳቀች። «የሰው ልጅ ከውጭ ወርቅ ይልካል፤ ያንቺይቱ ከመተማ ታስልካለች!» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስለቆየሁ እግዜር ይስጥሽ።

የሰሊጡን ነገር አንስተሽ የለ፣ ልንገርሽ። ዘንድሮ ቆሞ ቀረ። አጫጆቹ ከጎጃምም ከወሎም እንደ ልማዳቸው አልወረዱም፤ መንገዱ አስፈራቸው። ሰሊጥን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑ ካለፈ ቅርፊቱን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል እንጅ ሰው አይጠብቅም። ግማሹን ጉንዳን በላው። ደረበን ለሾፌርነት የቀጠረው ባለ ትራክተርም «የሚታረስ ሲኖር እጠራሃለሁ» ብሎ አሰናበተው። ወርቅ የገባው በዚህ ምክንያት ነው እንጅ ወዶ አይደለም።

አሁን ከጓደኞቹ ጋር ወደ በረሃው ወርዶ ይቆፍራል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቤት ይመጣል። በአሸዋው ውስጥ ያለውን ወርቅ ያ እንደ ውሃ የሚንከባለል ብርማ ነገር፣ ባዜቃው፣ ለቅሞ ይሰበስብላቸዋል። ደረበ ያን በጨርቅ ይጨምቅና አካፋ ላይ አድርጎ በእኔ ምድጃ ያነደዋል። ጭሱ ስስ ነው፤ ሽታም የለው። ሲያልቅ አካፋው ላይ ቢጫ ፍርፋሪ ይቀራል። የመጀመሪያ ቀን እልል አልኩለት።

እና ልጄ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ባዜቃ ያልነካው ያልሽው ለምንድን ነው? እሜቴ ሚሬላ ምኑን ፈርታው ነው? ጉዳት ካለው ንገሪን። ደረበም «ጠይቂልኝ» ብሏል።

በርቺልኝ። ብርድ አይንካሽ።
አክስትሽ ሀብትነሽ


አሬዞ
ጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ።

እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ፣ ጥምቀቱንም በሰላም ያድርስዎ። ደብዳቤዎን በባቡር ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ የዘምዘምን ነገር ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች ዞረው አዩኝ። የሰሊጡ ነገር ግን አሳዘነኝ።

ጊዜ ስለጠበበኝ ባጭሩ ልጻፍ። ሚሬላ ቀን ቆረጠችልኝ። በሰኔ የሚጋቡ ሁለት ሰዎች ቀለበታቸውን ከኛ አዘዋል፤ ወርቁ የግድ ለፋሲካ ሰሎሞን እጅ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ከሌላ አገር ገዝታ ትሠራዋለች፤ የእኔም ነገር በዚያው ያበቃል።

የባዜቃውን ጉዳይ ጠይቀውኛል። ነገሩ ረዥም ነው፤ ባጭሩ ገዢዎቹ አይወዱትም። ስለዚህ ደረበ ለዚህ ለአሥሩ ግራም ብቻ በባዜቃ ሳይሆን በውሃና በገበቴ ያጥበው። ሥራው ይዘገያል፣ አውቃለሁ፤ ግን ለአንድ ጊዜ ነው። ምስክርነቱን ራሱ ቢፈርምበት ይመረጣል።

ለደረበ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። እንዴት ነው እሱ? አንድ መስመር እንኳ ይጻፍልኝ።

በናፍቆት፣
ማርያማዊት


መተማ ዮሐንስ
መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት። ሰላም ላንቺ ይሁን።

ወርቁ ይኸው። አሥራ አንድ ግራም ከትንሽ ነው። የጎረቤታችን የፈንቴ ልጅ እስከ ጎንደር ያደርሰዋል፤ ከዚያ ሰሎሞን ይረከባል።

ከካርቱም ተሰዶ እዚህ የሰፈረ ሳጂድ የሚባል አንጥረኛ አለ። እዚያ ትልቅ ሱቅ ነበረው፤ አሁን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ከሰልና ወናፍ ይዞ ይቀመጣል። ያቀለጠልኝ እሱ ነው። ከማቅለጡ በፊት በመዳፉ ይዞ መዘነው። «ያ ሃጃ፣ ይቅለጥ?» አለኝ፤ በዓረብኛ እማማ ማለቱ ነው። ይቅለጥ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ ይቅለጥ አልኩት። እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልተነሳሁም።

ምስክርነቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደረበ አልፈረመም፤ እጁ አልመች ብሎታል። ሰላም ብሎሻል። ጽሑፌ ቢወላገድ አትታዘቢኝ፤ መነጽሬ አርጅቶ ነው።

ቀንቶሽ ስሰማ እደሰታለሁ።
ሀብትነሽ

(ከወርቁ ጋር የተላከው ምስክርነት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኔ የመተማ ዮሐንስ ነዋሪዋ ወይዘሮ ሀብትነሽ ስለዚህ ወርቅ የማውቀውን ብቻ እመሰክራለሁ። በእኛ እጅ ባዜቃ አልነካውም። በእኛ እጅ ልጅ ጉድጓድ አልገባበትም። ማንም ከማንም አልቀማውም። የተገኘው በሜዳ፣ በፀሐይ፣ በንጹህ ላብ ነው። ባለቤቲቱ በሙሉ ልቧ የሰጠችው ነው። ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ማርያም ምስክሬ ናት።


አሬዞ
ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለእናቴ፣ ለባለውለታዬ።

እልል ይበሉልኝ! ውሉ ተፈረመ። ፈቃዴም ለሁለት ዓመት ታደሰ። አሁን ይህን ስጽፍ የሥራ ባልደረቦቼ ወይን ከፍተው እየጠበቁኝ ነው።

ቀለበቶቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ሚሬላ ጫፋቸውን እንኳ አልነካችም። ለሙሽራው ልሙጥ ነው። ለሙሽራይቱ፣ ኤሌና ለምትባል አስተማሪ፣ ትንሽ የደላንታ ኦፓል አስቀመጥኩበት። ምስክርነትዎን ወደ ጣሊያንኛ መለስኩት፤ ሚሬላ ደግሞ አንዱን ቅጂ በመስተዋት አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በሠርጉ ላይ ኤሌና ቆማ አነበበችው። «ባለቤቲቱ በሙሉ ልቧ የሰጠችው» የሚለው ጋ ስትደርስ ያን መስመር ደግማ አነበበችው። የማያውቁዎት ሰዎች ስምዎን እየጠሩ ጽዋ አነሱ።

አንድ ነገር ብቻ። ወርቁ ሳቀልጠው ቀላ አለብኝ። የኛ አገር ቁፋሮ ወርቅ እንዲህ ቀይ ነው እንዴ? ቀለሙ የእናቴን ጉትቻ አስታወሰኝ። ሰሊጥ ስታበጥር በጉንጮቿ ላይ የሚወዛወዙትን። እኔ ስሄድ ለመንገዴ ተብሎ እንደተሸጠ ስለማውቅ ስለሱ ጠይቄዎት አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ዛሬ ስለተደሰትኩ ነው አፌ የተፈታው።

ደረበ ለምን አይጽፍልኝም? ኮራብኝ?

በደስታ፣
ማርያማዊት


አሬዞ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሀብትነሽ።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ሦስት ወር ተኩል ዝም አሉኝ። ሰሎሞን ደብዳቤዬ እንደደረሰዎ አረጋግጦልኛል። መልስ ያጣሁት ወርቁ ቀላ ብዬ ስለጠየቅሁ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

ወርቁ የደረበ እንዳልሆነ የዚያን ዕለት፣ ገና ከእሳቱ ላይ ሳለ አውቄያለሁ። ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ብር ይኖርበታል፤ መዳብ እንዲህ አይኖርበትም። መዳብ የሚጨምርበት ሰው ነው፣ ጌጥ ሊሠራበት ሲፈልግ። እኔ እጅ የገባው ወርቅ ቀድሞ ጌጥ ነበር። ይህን እያወቅሁ ዝም ብዬ ሠራሁት፤ ውሉን ፈልጌዋለሁና። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አልጥለውም።

ግን የማን ጌጥ ነበር? ከሱዳን የሚሸሹ ሴቶች በገላባት በኩል ሲሻገሩ የጆሯቸውን ወርቅ በዳቦ ዋጋ እንደሚሸጡ እዚህ ድረስ እንሰማለን። ያቀለጠውም ከነሱው የመጣ አንጥረኛ ነው። ደረበ ከነዚህ ሴቶች ገዝቶልኝ ከሆነ ሰው በእንባ የለቀቀውን ነገር ነው ለሙሽራ ጣት ያጠለቅሁት። እርስዎ ደግሞ በማርያም ስም ምለው ጽፈውልኛል። ወረቀቱ ከፊቴ ተሰቅሏል፤ በየቀኑ አየዋለሁ፤ በየቀኑ ያሳፍረኛል።

እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።
ማርያማዊት


መተማ ዮሐንስ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርያማዊት።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ። ሦስተኛውን ግን እንዲህ ወልጋዳም ቢሆን እልከዋለሁ።

እኔ ሀብትነሽ ከተሰደደች ሴት ጆሮ ወርቅ የማስፈታ ሆንኩልሽ? ያን ያህል ረሳሽኝ? ዘንድሮና አምና በዚህች ድንበር ያለፉትን ሴቶች ማን ውሃ እንዳጠጣቸው ዘምዘምን ጠይቂያት። ተናድጄብሻለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት፤ ወጣልኝ።

ወርቁ የእናትሽ ጉትቻ ነው።

አልተሸጠም ነበር። ለመንገድሽ የተሸጠው የኔ ሁለት ጥጃና የዚያ ዓመት ሰሊጣችን ነው። እናትሽ አገኘሽ ጉትቻውን ለመሸጥ አውልቃው ነበር፤ እኔ ነኝ መልሼ ያጠለቅሁላት። ልታርፍ ስትል ራሷ ፈታ በመዳፌ አስቀመጠችው። «ስትመጣ ስጫት» አለችኝ። በሰሊጥ ዘር ጣሳዬ ውስጥ ደብቄ አራት ዓመት ጠበቅሁሽ። ልነግርሽ ስል ስልክ ላይ የሚነገር አልመስል ይለኛል። በእጅሽ ሳስጨብጥሽ ፊትሽን ማየት ፈልጌ ነበር።

አሁን ለምን እንደቀለጠ ልንገርሽ። በጥር የጻፍሽው በየካቲት ደረሰኝ። ያን ጊዜ የደረበ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። መጀመሪያ ብርጭቆ ጣለ፤ ሳቅንበት። ቀጥሎ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። እንቅልፍ አጣ፤ በሆነ ባልሆነው ይቆጣል፤ የጓደኞቹን ስም ይረሳል። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ገና እንዳየችው «ባዜቃ ታነዳለህ?» አለችው። አዎ ሲላት ቤት ውስጥ እንደሆነ ጠየቀችው። በእናቴ ምድጃ አላት። ከዚያ እኔን «እርስዎም እጅዎን ይዘርጉልኝ» አለችኝ። ዘረጋሁ። መነጽሬ አርጅቶ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። «ገዢዎቹ አይወዱትም» ይላል። ልጄ፣ ጠይቀንሽ ነበር። እኔም ጠየቅሁሽ፣ ደረበም አስጠየቀሽ። አንቺ ታውቂ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ አንቺ ግን ጅቡ ሲመጣ እያየሽ ዝም አልሽ። የቀለበት ገዢዎቹ ምን እንደማይወዱ ነገርሽን፤ እኛን ምን እንደሚገድለን አልነገርሽንም። ይህን ላለመጻፍ ነው ሁለቱን ወረቀት የቀደድኩት።

ደረበ በዚያ እጁ በገበቴ ማጠብ አልቻለም፤ በባዜቃ ላወጣው ወርቅ ደግሞ መመስከር አልቻልኩም። የሥላሴ ስም ያለበት ወረቀት ላይ እንዴት አድርጌ? የነፍስ አባቴንም ጠየቅሁ፤ «በማታውቂው አትማይ፣ በምታውቂው አትዋሺ» አሉኝ። ያንቺም ነገር አላስተኛ አለኝ። ወርቁ ካልመጣ ትባረራለች፣ ከተባረረች ደጄን ሳታይ ትቀራለች አልኩ። ማንም ያልተጎዳበት ወርቅ አምጪ አልሽኝ። ቤቴን ዞሬ አየሁት። እሱን ብቻ አገኘሁ።

እናትሽ ሦስት ዓመት ከአጫጆቹ ጋር እኩል አጎንብሳ ሰሊጥ አጭዳ ነው የገዛችው፤ አንቺ ገና በጀርባዋ ነበርሽ። ስለዚህ «በሜዳ፣ በፀሐይ፣ በንጹህ ላብ» ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ ልቧ የሰጠችው ባለቤቲቱም እሷው ናት። ወረቀቴን መልሰሽ አንብቢው፤ አንድ ውሸት ካገኘሽበት ንገሪኝ።

«በእኛ እጅ» እያልኩ የጻፍኩትም አውቄ ነው። ገላባት ከገዛንበት ከወርቅ ነጋዴው ሱቅ ከመድረሱ በፊት ያን ወርቅ ማን ቆፈረው? በምን አጠበው? አላውቅም። ያን ቀን እኔና እናትሽ በመስተዋት ጆሯችንን እያየን እንስቅ ነበር እንጅ አልጠየቅንም። አሁን ደረበን ሳይ ያንንም ወርቅ ያወጣ አንድ እናት ያለችው ልጅ ይኖራል እላለሁ።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ያንቺን ነገር ሳልጠይቅሽ አቀለጥኩት። ሳጂድ ሁለቴ የጠየቀኝ ስለገባው ነው፤ እሱ ባዳው የገባው ነገር እኔን አልገባኝም። ልጅ የእናቷን ጉትቻ ከውል እንደምታስበልጥ ማወቅ ነበረብኝ። ይቅር በይኝ።

ጉልበቴ ደክሟል እንጅ ልቤ አልተቀየመሽም።
ሀብትነሽ


አሬዞ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ።

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም። ስለ ስደተኞቹ የጻፍኩትን ይቅር ይበሉኝ። ስለ ጉትቻው ይቅር ማለት ያለብኝ እኔ ነኝ ይሉኝ ይሆናል፤ የምቀየምበት ነገር የለኝም። እኔ በእሳት ላይ ሳለ ቀለሙን አውቄው ነበር። ስሙን ብቻ ነው ያልጠራሁት።

ለሚሬላ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ወንበር ላይ ወጥታ ምስክርነትዎን ከግድግዳው አወረደችው። ውሉን አልቀደደችውም፤ ግን ከእንግዲህ የወርቁን ታሪክ የሚጽፍ ሌላ ሰው ነው አለችኝ። ልክ ናት።

ለኤሌናም ራሴ ሄጄ ነገርኳት። አውልቃ በመዳፌ አስቀመጠችልኝና «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አለችኝ። አገላብጬ አየሁት። ራሴ የሞረድኩት ቀለበት ነው፤ ከእናቴ ምንም አላገኘሁበትም። ከሙረዳው የተረፈው ብናኝ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ብናኝ ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ተቀላቅሏል፤ ማንም አይለየውም። መለስኩላት። የእናቴን ስም ጠየቀችኝ። አገኘሽ አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደግማ ያዘችው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አንድ ዓመት ዘግይቷል። ባዜቃ ምን እንደሚያደርግ የተማርኩት እዚህ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ መጥረጊያ ይዤ ሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ደረበ ቁፋሮ ገባ ሲሉኝ አልነገርኳችሁም፤ ስትጠይቁኝም አልነገርኳችሁም። መርዝ ነው ካልኳቸው ይፈሩና ወርቁንም ይተዉታል ብዬ ፈራሁ። «ነገሩ ረዥም ነው» አልኩ። ረዥም አልነበረም፤ ይኸው፦

ባዜቃ ሲነድ በዓይን በማይታይ ትነት ሆኖ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከዚያ ነርቭን ይጎዳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሐሳብ ይረሳል።
ቤት ውስጥ በፍጹም አይነድም፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አጠገቡ አይድረስ፤ የነደደበት አካፋም ምድጃም ለምግብ አይዋል።
የነካው ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ የተጎዳ ሰው ሥራውን ትቶ ቶሎ ሐኪም ይየው።

ቆጠርኩት፤ ሦስት ነገር ነው። ያኔ በጥር ወር በባቡር ውስጥ ልጽፈው እችል ነበር። እባክዎ ይህን ገጽ ቀድደው ጉድጓዱ ድረስ ይላኩልኝ፤ ሁሉም ያንብቡት። እርስዎንና ደረበን ጎንደር ሆስፒታል የሚያደርስ ሰው እያፈላለግሁ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ። ስመጣ ምን እንደምላችሁ አላውቅም፤ ግን እመጣለሁ።

ማርያማዊት


መተማ ዮሐንስ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። ደብዳቤሽ ደርሷል። ያን ገጽ የደረበ ጓደኞች ወስደውታል። ሁለቱ አንብበው ወደ ቤት ተመለሱ፤ የቀሩት «የሚበላ ስጡንና እንተወዋለን» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ገጹ ከመሄዱ በፊት ግን ደረበ ራሱ ላንብበው አለ። እኔ ላንብብልህ ብለው እምቢ አለ። ወረቀቱን ሲይዘው በእጁ ውስጥ ተርገበገበ፤ ፊደሉን ማየት አልቻለም። ከታች ልደግፍለት ብዬ እኔም ያዝኩት። የባሰ ሆነ፤ ሁለታችን አንድ ወረቀት ማሳረፍ አቃተን። በኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና ያን የሰሊጥ ዘር ጣሳ አንዱ ጥግ ላይ፣ ድንጋይ በሌላው ጥግ አስቀመጥኩበት። እንደዚያ ሆኖ አነበበው። ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበው።

ሲጨርስ ወደ ላይ ተመለሰና ቀኑን አየ። «ታኅሣሥ ሃያ አራት። የጠየቅናት አምና ኅዳር ነበር» አለ። ጣቱን ከቀኑ ላይ አነሳ። ከዚያ «ስትመጣ ምን እናበላታለን?» አለኝ።

ነይልን።
አክስትሽ ሀብትነሽ